ከቡፌ ወደ ገበታ፦ የቆዩ የብርጭቆ ዕቃዎችን ስለ መሰብሰብ

በደብረ ብርሃንም ሆነ በሌሎች የሰሜን ሸዋ ከተሞች ዘመድ ሊጠይቅ የገባ ሰው ሳሎን ውስጥ ባለ መስተዋት ቡፌ ሳያይ አይወጣም ማለት ይቻላል። በውስጡ የተደረደሩት ብርጭቆዎች፣ ጆጎችና ጎድጓዳ ሳህኖች አብዛኞቹ በሰርግ ሰሞን የገቡ ናቸው፤ ከዚያ ወዲህ የሚወጡት የበዓል ዋዜማ አቧራቸው ሊጠረግ ሲሆን፣ ለእንግዳ የሚቀርበው ውኃ ግን ከኩሽና በሚመጣ የፕላስቲክ ኩባያ ነው። እኔ የቆዩ የብርጭቆ ዕቃዎችን ስሰበስብ የምመራበት ደንብ የዚህ ተቃራኒ ነው። ገበታ ላይ ወጥቶ የማይበላበት ወይም የማይጠጣበት ዕቃ የቱንም ያህል ቢያምር አልገዛውም። ይህን ደንብ የያዘ ሰው አንድን ዕቃ ሲያነሣ የሚጠይቀው ጥያቄም ይለወጣል፤ ዕድሜውና ዋጋው ወደ ኋላ ቀርተው፣ ትኩስ ነገር ይችላል ወይ፣ ጠጅ ቢያድርበት ምን ይሆናል፣ ውስጡ ይታጠባል ወይ፣ ጠርዙ ከንፈር ይቆርጣል ወይ የሚሉት ይቀድማሉ።

ብርጭቆ ወደዚህ አገር ገበታ የመጣው በረጅም መንገድ ነው። ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ እ.ኤ.አ. ከ1813 እስከ 1847 ሸዋን ሲገዙ ከባሕር ዳርቻ የሚመጣ ዕቃ በግመል ቆላውን አቋርጦ ከአንኮበር ግርጌ ወዳለችው አልዩ አምባ ገበያ ይደርስ ነበር። በካፒቴን ዊልያም ሃሪስ የሚመራው የእንግሊዝ መልእክተኛ ቡድንም እ.ኤ.አ. በ1841 ከታጁራ ተነሥቶ አንኮበር የደረሰው በዚሁ አቅጣጫ ነው። ስስ ብርሌ ከአውሮፓ በመርከብ፣ ከዚያም በግመልና በበቅሎ ጀርባ ተጭኖ ሳይሰበር ሲደርስ የመኳንንት ገበታ ጌጥ መሆኑ አያስደንቅም፤ ተራው ሰው የሚጠጣው በቀንድ ዋንጫና በቅል ነበር። የጅቡቲው ባቡር እ.ኤ.አ. በ1902 ድሬዳዋ፣ በ1917 አዲስ አበባ ከደረሰ በኋላ የተሰባሪ ዕቃ ጉዞ ቀለለ። ዛሬ በአሮጌ ቤቶች የምናገኛቸው የብርጭቆ ዕቃዎች አብዛኞቹ ከባቡር ወዲህ የመጡ ናቸው፤ «የንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ዘመን ብርሌ» እየተባለ የሚቀርብን ዕቃ በጥርጣሬ ማየት የሚገባውም በዚህ ምክንያት ነው።

ከሁሉ አብልጬ የምፈልገው ብርሌን ነው። ሆዱ ሰፊ፣ አንገቱ ረጅምና ቀጭን መሆኑ ለውበት ብቻ አይደለም። ጠባቡ አፍ ዝንብን ይከላከላል፣ የጠጁን መዓዛ ቶሎ እንዳይበተን ይይዛል፤ አንገቱም በጣቶች ስለሚያዝ የእጅ ሙቀት ወደ መጠጡ አይደርስም። ከያዝኳቸው መካከል አንዷ በቀን ብርሃን ስትታይ ውኃ አረንጓዴ ትመስላለች፤ ይህ ቀለም ሆን ተብሎ የተጨመረ ሳይሆን አሸዋው ውስጥ ከነበረ ጥቂት ብረት የመጣ ነው። ሆዷ ላይ ያሉት የአየር አረፋዎች ክብ ሲሆኑ አንገቷ ላይ ያሉት ግን እንደ ገብስ ፍሬ ረዝመዋል፤ ምክንያቱም ብርጭቆው ገና ትኩስ ሳለ አንገቱ ሲሳብ አረፋውም አብሮ ተስቧል። አንገቷ በመጠኑ ወደ አንድ ጎን ያዘነበለ ነው። ከመቀመጫዋ መካከል ደግሞ በጣት ሲዳሰስ የሚሻክር ጠባሳ አለ፤ ይኸውም ሠራተኛው አፏን ሲያስተካክል ይዟት የነበረው የብረት ዘንግ ተሰብሮ የተላቀቀበት ቦታ ነው። እነዚህ ምልክቶች አንድ ላይ ሲገኙ ዕቃው በአፍ ተነፍቶ በእጅ የተሠራ ለመሆኑ በቂ ማስረጃ ናቸው። የማሽን ብርሌ አንገቱ ቀጥ ያለ ነው፤ ከጎኑም ሁለቱ የቅርጽ ማውጫ ክፍሎች የተገናኙበት ቀጭን መስመር ከላይ እስከ ታች ይታያል።

ዕድሜን ለመገመት ከሁሉ ይልቅ የማምነው የመቀመጫውን ጭረት ነው። በገበታ ላይ ለዓመታት ሲነሣ ሲቀመጥ የኖረ ዕቃ መሬት የሚነካው ቀለበቱ ላይ ብቻ፣ በየአቅጣጫው የሚሄዱ እጅግ ቀጫጭን ጭረቶች ይኖሩታል። ለማስመሰል በአሸዋ ወረቀት የተፈገፈገ ከሆነ ግን ጭረቶቹ በአንድ አቅጣጫ የተሰለፉ ናቸው፤ መሬት በማይነካው ቦታ ላይም ይገኛሉ።

«ብርሌ ከነቃ አይሆንም ዕቃ» የሚለው ተረት የሚነገረው ስለ ሰው ቢሆንም ስለ ራሱ ስለ ብርሌም ትክክል ነው። በብርጭቆ ላይ የታየ ስንጥቅ ባለበት አይቆምም፤ በየጊዜው ሲሞቅና ሲቀዘቅዝ፣ እርጥበትም ሲገባበት እየረዘመ ይሄዳል። ስለዚህ ከመግዛቴ በፊት ዕቃውን በመዳፌ ላይ አስቀምጬ ጠርዙን በጥፍሬ መታ አደርገዋለሁ። ጤነኛ ከሆነ ድምፁ ጥርት ብሎ ጥቂት ይቆያል፤ የነቃ ከሆነ ግን ታፍኖ ወዲያው ይቀራል። ወፍራም ብርጭቆ ጤነኛ ሆኖም ብዙ አይጮህም፤ እንዲህ ያለውን ወደ ብርሃን አዙሮ ቀስ እያሉ ማየት ይሻላል፤ ስንጥቁ በአንድ ማዕዘን ላይ እንደ ብር ብልጭ ይላል። መሸረፍን በተመለከተ ግን ተረቱን ያህል ጥብቅ አይደለሁም። መቀመጫው ጥቂት የተሸረፈ ጎድጓዳ ሳህን ሰላጣ ቢቀርብበት ነውር የለውም፤ አፉ የተሸረፈ መጠጫ ግን በነፃ ቢሰጠኝም አልቀበልም። በሙጫ የተጠገነ ካለ ቆሎ ይቅረብበት እንጂ እርጥብ ነገር አይግባበት።

ከብርሌ ቀጥሎ በብዛት የሚገኙት በቅርጽ ማውጫ ውስጥ ተጨምቀው የተሠሩ ሳህኖች፣ የስኳር ዕቃዎችና ባለ እግር ማቅረቢያዎች ናቸው። የቀለጠ ብርጭቆን በማሽን ጨምቆ ቅርጽ ማውጣት በአሜሪካ የተስፋፋው እ.ኤ.አ. ከ1820ዎቹ ጀምሮ ሲሆን፣ በመሞረጃ ጎማ እየተሞረደ የሚሠራውን ውድ ጌጥ በርካሽ ለማስመሰል አስችሏል። ሁለቱን ለመለየት ጣት ከዓይን ይሻላል፤ የተሞረደው ጌጥ ጠርዙ ስለታም ነው፣ የተጨመቀው ግን ድብልብልና ለስላሳ ነው። ብዙ ሰብሳቢዎች የተጨመቀውን ይንቁታል። እኔ ግን ለገበታ አብልጬ የምወደው እርሱን ነው፤ ወፍራም ስለሆነ ብዙ እጅ ያለበትን ማዕድ ይችላል፣ ቢሰበርም ጨጓራ አያቃጥልም።

ከፈረንሳይ የመጡትም አሉ። መቀመጫቸው ላይ «ዱራሌክስ» የሚል ጽሑፍና ቁጥር ያለባቸው መጠጫዎች ከድሮ ሻይ ቤት ዕቃ ውስጥ ይገኛሉ። ቁጥሩ ብርጭቆው የወጣበትን ቅርጽ ማውጫ የሚያመለክት እንጂ ዘመኑን አይነግርም። ፒካርዲ የሚባለው፣ ጎኑ ላይ ጠፍጣፋ ገጾች ያሉት ዓይነት እ.ኤ.አ. በ1954 የወጣ ሲሆን እስከ ዛሬ ይመረታል፤ ስለዚህ ቅርጹን ብቻ አይቶ አሮጌ ነው ማለት አይቻልም። ነጭ ሆነው አበባ የታተመባቸው የአርኮፓል ሳህኖችና ጎድጓዳዎችም እ.ኤ.አ. ከ1958 ወዲህ የተሠሩ ናቸው። ሸክላ የሚመስሏቸው ሰዎች ብዙ ናቸው፤ ጠርዛቸውን ወደ መብራት ቢያስጠጉት ግን ብርሃን ሲያሳልፍ ያያሉ።

ስለ አገራችን የብርጭቆ ዕቃዎች ስናገር የማላልፈው አንድ ምልክት አለ። ተዝካር ወይም ሰርግ ሲኖር ብርጭቆ ከጎረቤት ስለሚለቀም፣ ባለቤቶቹ እንዳይቀላቀልባቸው መቀመጫው ላይ በጥፍር ቀለም ነጥብ ወይም መስቀል ያደርጉበታል፤ የእድሩ ዕቃ ደግሞ በቀለም ቅብ ፊደል ይጻፍበታል። አንዳንድ ሰብሳቢዎች ይህን በአሴቶን ያስለቅቁታል፤ እኔ እተወዋለሁ። የፋብሪካ ማኅተም ዕቃው የት እንደተሠራ ሲናገር፣ ቀይዋ የጥፍር ቀለም ነጥብ ግን በስንት ድግስ ዞሮ ወደ ቤቱ እንደተመለሰ ትናገራለች። ሦስት ዓይነት ቀለም ያለበት ብርጭቆ ካጋጠመኝ ደግሞ ከአንድ ባለቤት በላይ እንደነበረው እረዳለሁ፤ ወይም ከእነዚያ አንዱ ሳይመልስ እንደቀረ እጠረጥራለሁ።

ደጋ ላይ የሚኖር ሰብሳቢ ከሁሉ በላይ ሊያስብበት የሚገባው የሙቀት ነገር ነው። ደብረ ብርሃን ከባሕር ወለል በላይ ወደ 2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ የተቀመጠች ስለሆነች፣ ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ባሉት ወራት ማለዳ ሣሩ አመዳይ ለብሶ ይታያል፤ እሳት ባላየ ኩሽና ውስጥ ያደረ ብርጭቆም በእጅ ሲይዙት ያንዘረዝራል። ከአሸዋ፣ ከሶዳና ከኖራ የሚሠራው ተራ ብርጭቆ ሙቀትን ቶሎ አያስተላልፍም። ትኩስ ሻይ ሲቀዳበት የውስጡ ገጽ ወዲያው ሊሰፋ ይሞክራል፤ የውጭው ገጽ ግን ገና ቀዝቃዛ ስለሆነ አልሰፋም ይላል፤ በሁለቱ መካከል የሚፈጠረው ውጥረት ዕቃውን ይሰነጥቀዋል። ወፍራሙ ይበልጥ ጠንካራ ይመስላል እንጂ በዚህ ረገድ ስሱ ይሻላል፤ ሙቀቱ ቶሎ ከውስጥ ወደ ውጭ ይደርሳልና። ወፍራም መቀመጫ ያለው አሮጌ ብርጭቆ ብዙ ጊዜ የሚለያየው ልክ ከመቀመጫው በላይ፣ እንደ ቀለበት ዙሪያውን ተቆርጦ ነው። በዚህ ከፍታ ውኃ የሚፈላው በ90 ዲግሪ ገደማ መሆኑ ከቆላው ይልቅ ጥቂት ይረዳል ቢባል እንኳ፣ ከአመዳይ ወደ 90 ዲግሪ መዝለል ለማንኛውም አሮጌ ብርጭቆ ከባድ ነው።

መፍትሔው ቀላል ነው። ብርጭቆውን አስቀድሞ ለብ ባለ ውኃ ማለቅለቅ፣ ከዚያም ጥቂት ቀድቶ ማዞርና መሙላት ይበቃል። የብረት ማንኪያ ውስጡ ማስቀመጥ የሚባለው ልማድ ጥቂት ሙቀት ይቀበላል እንጂ ዋስትና አይሆንም። ለሻይ ዘወትር የምጠቀመው ዱራሌክሱን ነው፤ እርሱ ሲሠራ እጅግ ከጋለ በኋላ ገጹ በአየር በድንገት ስለሚቀዘቅዝ ብርድና ሙቀትን፣ መውደቅንም ይበልጥ ይችላል። ሲሰበር ግን አንድ ላይ ፈርሶ ጥቃቅን ፍርፋሪ ይሆናል፤ ስለዚህ ጠርዙ የተጎዳን ዱራሌክስ አንሥቶ መጣል ነው። እ.ኤ.አ. በ1915 በአሜሪካ ለገበያ የቀረበው ፓይሬክስ ከሌላ ዓይነት ብርጭቆ፣ ቦሮን ከተጨመረበት፣ የተሠራ ሲሆን በሙቀት ብዙም አይሰፋም። ከአሮጌዎቹ የፓይሬክስ ጎድጓዳዎች አንዱን ያገኘ ሰው አልጫውን በትኩሱ ሊያቀርብበት ይችላል።

ክሪስታል የሚባለውን በተመለከተ ግን ጠንከር ያለ አቋም አለኝ። እንግሊዛዊው ጆርጅ ሬቨንስክሮፍት እ.ኤ.አ. በ1674 የባለቤትነት ፈቃድ ካገኘበት ጊዜ ጀምሮ፣ ለብርጭቆ ክብደትና ብልጭታ ለመስጠት እርሳስ የሚባለው ከባድና መርዛማ ብረት ይጨመርበታል። በአውሮፓ ደንብ መሠረት የእርሳስ ክሪስታል ለመባል ቢያንስ 24 በመቶ የእርሳስ ኦክሳይድ ሊኖረው ይገባል። ሲያነሡት ከመጠኑ በላይ ይከብዳል፣ ሲመቱት እንደ ደወል ይቆያል፣ ብርሃንም ወደ ብዙ ቀለም ይበትናል። ጉዳቱ፣ አልኮልና ኮምጣጣ ነገር ውስጡ ሲቆይ እርሳሱ ወደ መጠጡ መውጣቱ ነው። በማዕድ ሰዓት ቀድቶ መጠጣትና ጠጅን ወይም አረቄን በክሪስታል ካራፍ (የመጠጥ ማቅረቢያ ጠርሙስ) ለወራት ማስቀመጥ አንድ አይደሉም። የደብረ ብርሃን አረቄ በጠርሙሱ ይቀመጥ፤ እንግዳ ሲመጣ ወደ ካራፉ ይገልበጥ፤ የተረፈውም ማታውኑ ይመለስ። ሰናፍጭ፣ ሎሚ የገባበት ሰላጣና አዋዜም ከክሪስታል ይልቅ በተራው ብርጭቆ ሳህን ይቅረቡ። ለልጆችና ለነፍሰ ጡር ሴቶች በክሪስታል አለማቅረብ ይሻላል። ውታፍ ያለው ካራፍ የሚገዛ ሰው ደግሞ ውታፉን አውጥቶ እግሩን ይመልከት፤ ጥንት በእጅ እየተገጣጠሙ ይሠሩ ስለነበር አንዳንዶቹ በውታፉና በአንገቱ ላይ በመርፌ የተጫረ አንድ ዓይነት ቁጥር አላቸው። ቁጥሮቹ ካልተመሳሰሉ ውታፉ የሌላ ነው።

ሌላው ብዙዎችን የሚያስደንቀው ቢጫ አረንጓዴ ብርጭቆ ነው። እ.ኤ.አ. ከ1830ዎቹ ጀምሮ በቦሄሚያ የብርጭቆ ሠሪዎች ዩራኒየምን ለማቅለሚያ ይጠቀሙበት ነበር፤ እንዲህ ያለ ብርጭቆ በአልትራቫዮሌት ብርሃን ሥር ደማቅ አረንጓዴ ያበራል። ለመመርመር የተለየ መሣሪያ አያስፈልግም፤ ሱቆች የብር ኖት ሐሰተኛ መሆን አለመሆኑን የሚያዩባት ትንሿ ሐምራዊ መብራት ትበቃለች። የምታውቁትን ባለ ሱቅ አስፈቅዳችሁ ሳህናችሁን ከመብራቷ ሥር ብታስቀምጡ፣ ወረፋ የያዘው ሁሉ ሊያይ ይሰበሰባል። የሚወጣው ጨረር ዝቅተኛ ስለሆነ ዕቃውን መያዝና ማስቀመጥ አያሰጋም፤ ዘወትር ምግብና መጠጥ እንዲቆይበት ማድረግ ግን አልመክርም። ከደንቤ ውጭ ቡፌ ውስጥ የቀረው ብቸኛ ዕቃ ይህ ነው፤ እርሱም በዓል ሲሆን ከረሜላ ከነወረቀቱ ይቀመጥበታል።

አጠባቡ ላይ ብዙ አልቆይም። ብርሌን በአሸዋና በጠጠር እያንኳኩ ማጠብ የቆየ ልማድ ቢሆንም ውስጡን ይጭረዋል፣ የተጫረ ብርጭቆም ይደክማል። አንድ እፍኝ ጥሬ ሩዝ፣ ጥቂት አቼቶና ለብ ያለ ውኃ ጨምሮ ማዞር እጅ የማይደርስበትን ሆድ ያጸዳል። ነጭ ሽፋን በአቼቶ አድሮ ከለቀቀ ከውኃ የመጣ ኖራ ነበር፤ ካልለቀቀ ግን የብርጭቆው ገጽ ራሱ ስለተበላ ምንም ሳሙና አይመልሰውም። ወርቃማ ጠርዝ ያለውን በአመድም ሆነ በሽቦ መፈግፈግ ወርቁን ማውለቅ ነው።

ዕቃው የሚገኝበት ቦታ ብዙ ነው፤ ቤት የሚያድሱ ሰዎች፣ ቆራሌዎች፣ አዲስ አበባ መርካቶ ውስጥ ምናለሽ ተራ፣ እዚህ ደግሞ የቅዳሜ ገበያ። ከገበያው ዳር ጥቂት የቤት ዕቃ ዘርግተው ከተቀመጡ እናት ፊት ብርሌ አይቼ፣ «እማማ፣ ይህችን ከየት አገኟት?» ብል፣ «የአማቴ ናት ልጄ። እሳቸው ጠጅ አጣጣላቸው የታወቀ ነበር፤ እኔ አልቻልኩበትም። ልጆቹም ቢራ ነው የሚሉት» አሉኝ። እንዲህ ያለ ባለቤት የዕቃውን ዋጋ ላያውቅ ይችላል፤ እኔ የማውቀውን ነግሬ መግዛት እንጂ ዝም ብሎ በርካሽ መውሰድ ለሕሊና አይመችም። እርሳቸውም ከነገርኳቸው በኋላ ዋጋውን ጨመር አደረጉ፤ ተገቢም ነበር። የማልነካው ነገርም አለ። ከቤተ ክርስቲያን ወጣ የተባለ ጽዋም ሆነ ብርሌ፣ ከአንኮበር የቤተ መንግሥት ፍርስራሽ ወይም ከሌላ ጥንታዊ ስፍራ የተለቀመ ስባሪ ስብስብ አይደለም። የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992 እንዲህ ያለውን ነገር በድንገት ያገኘ ሰው ለሚመለከተው አካል እንዲያሳውቅ ያዛል።

ገበታ ላይ ሲወጡ ዕቃዎቹ አንድ ዓይነት መሆን አለባቸው ብዬ አላምንም። አሮጌ ስብስብ ሙሉ ሆኖ አይገኝም፤ ስድስት ተመሳሳይ ብርጭቆ ከሚጠብቁ፣ ቁመታቸው የተቀራረበ ስድስት የተለያዩ ብርጭቆዎችን መደርደር ይሻላል። ባለ እግሩ ሰፊ ማቅረቢያ ድፎ ዳቦ ቢከብደውም ለተቆረጠው ዳቦ ልክ ነው፤ ትንንሾቹ የስኳር ዕቃዎች ለሰናፍጭ፣ ለዳጣና ለአይብ ይሆናሉ፤ የተጨመቀው ጎድጓዳ ገብስ ቆሎ ከሱፍ ጋር ሲቀርብበት የጎኑ ጌጥ ይበልጥ ይታያል። ልጆችና የማይጠጡ ሰዎች ብርዝ በብርሌ ሲቀርብላቸው እንደ ትልቅ ሰው ስለሚቆጠሩ ደስ ይላቸዋል፤ አንገቱን አያያዝ ያልለመዱትን ግን አጠገባቸው ሆኖ ማሳየት ያስፈልጋል። ማኅበር ሲሆን ብርሌዎቹን የማጥበው ራሴ ነኝ፤ አንድ በአንድ፣ ከሳፋው ሥር ፎጣ አንጥፌ። ጎረቤት ለድግስ ሲለምነኝ ብርሌ አላበድርም፣ ቅር የሚለውም አለ። ዱራሌክሱን ግን ስንትም ቢሆን ይውሰድ፤ የእኔ ነጥብ ሰማያዊ ናት።